የሙላት ትከሻና የእኔ ቀይ ካርድ

የመጀመሪያ ጨዋታዬን የዳኘሁት ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው ዘንዘልማ ነው። ከሜዳው በአንደኛው ጎን ማሳ፣ በሌላው ጎን ደግሞ መሠረቱ የተቆፈረ አዲስ ቤት ነበር፤ ኳስ ጉድጓዱ ውስጥ በገባች ቁጥር ጨዋታ ይቆማል። በሥራ ቀን ፊዚክስ ስለማስተምር፣ ፊሽካ በነፋሁ ቁጥር ምክንያቱን ማስረዳት ያለብኝ መሰለኝ። አምስተኛው ማብራሪያ ላይ አንድ አጥቂ፣ «ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይወጣል?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ።

የዕለቱ ኮሚሽነር ጋሽ ታደለ ነበሩ። ኮሚሽነር ማለት ጨዋታውን የሚታዘብና ዳኛውን የሚመዝን ሰው ነው። እሳቸው ራሳቸው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። «ማብራሪያህን ለሪፖርቱ አቆየው፤ ሜዳ ላይ የክንድህ ምልክት ይበቃል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬን በሥርዓት ያዝሁ። ሁለት ፊሽካና ሁለት ሰዓት እይዛለሁ። ቢጫው ካርድ በደረት ኪሴ፣ ቀዩ በኋላ ኪሴ ነው፤ በችኮላ እንዳይምታቱብኝ። ዝናብ ላይ እስክሪብቶ ስለማይጽፍ በእርሳስ እጽፋለሁ።

በአራተኛው ዓመቴ በከተማችን ውድድር የግማሽ ፍጻሜውን ጨዋታ ሰጡኝ። ሜዳው ለሐይቁ ቅርብ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች ቡድን የኮሌጁን ቡድን አንድ ለዜሮ ይመራል። የኮሌጁ ጨዋታ በሙሉ በአቤል እግር ያልፋል፤ ኳስ የሚያከፋፍለው አማካይ እሱ ነው። የፋብሪካው የመሀል ተከላካይ ሙላት ነው፤ በያጅ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ ትከሻው ሰፊ። በሰባኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱ ወደ አንድ ኳስ ሮጡ። ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። አቤል ተፈናጥሮ በገዛ ክንዱ ላይ ወደቀ፤ ክንዱም ተሰበረ።

ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ቀይ ካርድ አወጣሁ።

«ቲቸር፣ በትከሻ ነው እኮ። ምን አጠፋሁ?» አለ ሙላት።

«ውጣ» አልሁት።

ፋብሪካው በአሥር ሰው ተከላክሎ አሸነፈ። ሙላት ግን በቀዩ ምክንያት የእሑዱ ፍጻሜ ሊያልፈው ነው። በተጫወተባቸው ዓመታት ሁሉ ቡድኑ ለፍጻሜ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሪፖርቱን መሙላት ጀመርሁ። «የጥፋቱ ዓይነት» በሚለው ቦታ «የተጫዋቹ ክንድ ተሰብሯል» ብዬ ጻፍሁ። የዚህም ጨዋታ ኮሚሽነር የነበሩት ጋሽ ታደለ በትከሻዬ ላይ አሻግረው አነበቡት።

«ይኼ የደረሰበት ነው። የተደረገበትን ጻፍ።»

ሕጉን አንድ በአንድ አነሳሁ። ኳሱ ቅርብ ነበር? አንድ እርምጃ። ክርኑ ወጥቷል? አልወጣም። ከኋላ ነው? ከጎን ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ነበር።

«ጉልበቱ ከልክ ያለፈ ነው» አልሁ።

ረዳት ዳኛዋ ወርቅነሽ ጫማዋን እየፈታች፣ «ሙላት ከስንት እርምጃ መጣ?» አለች።

«ከሦስት።»

«አቤልስ?»

«ያው ነው።»

«እና መክበዱ ነው ጥፋቱ? አንተ ደግሞ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ ትላለህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ባንዲራዬን አነሳሁ?»

አላነሳችም።

ጋሽ ታደለ፣ «ፊሽካውን መቼ ነፋኸው?» አሉኝ።

«ሲጋጩ።»

«አይደለም። ሲጋጩ ዝም አልህ። ተመልካቹ ሲጮህ ነፋህ። ክንዱን ስታይ ቀዩን አወጣህ።»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ዓመት ለማዕረግ ዕድገት ታጭቼ ነበር፤ የሚመዝኑኝም እሳቸው ናቸው። «ስህተቴን ብጽፍ ዕድገቱ ይቀርብኛል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ለዘንድሮ ይቀርብሃል። ባትጽፍ ደግሞ ሙላት እሑድ ይቀራል።»

ቅጹን ቀድጄ በሌላ ጻፍሁ፦ «ግጭቱ ትከሻ ለትከሻ ነበር። ኳሱ ለሁለቱም ቅርብ ነበር። ጥፋት አልነበረም። ካርዱን ያወጣሁት በጉዳቱ ተደናግጬ ነው። ስህተቱ የእኔ ነው።» ፈረምሁ። በማግስቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ቅጣቱን አነሳ።

የኮሌጁ አሠልጣኝ ስልክ ደወለልኝ። «የእኔ ልጅ ክንዱ ጀሶ ውስጥ ነው፤ አንተ ለመታው ጠበቃ ትሆናለህ?» አለኝ። አስረዳሁት፤ አልተቀበለኝም። በመምህራን ክፍላችንም ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። የኬሚስትሪው መምህር አሁንም ቀይ ነው ይላል። እኔም ክብሪቶች ደርድሬ ግጭቱን አሳየዋለሁ።

አቤልን ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁት። «ለኳሱ ነው የመጣው። እኔም ቦታውን ባገኝ እመታው ነበር» አለ። ቀጥሎም፣ «ግን ቲቸር፣ ቀዩን ስታወጣ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ።

እሑድ ዕለት ከተመልካቹ ጋር ተቀመጥሁ። ከኋላዬ ያሉት አውቀውኝ፣ «ቲቸር፣ ዛሬስ ማንን ታርማለህ?» ሲሉ ዋሉ። ፋብሪካው ሁለት ለአንድ ተሸነፈ። ሙላት ዘጠናውን ደቂቃ ተጫወተ።

ዕድገቴ ከዚያ በሁለተኛው ዓመት መጣ። ደረቴ ላይ ካለው ባጅ ይልቅ የምኮራው በዚያ ሪፖርት ነው።

አዲስ ለምትጀምሩ ዳኞች፦ ጉዳት ብቻውን ጥፋት አይደለም። የጥፋቱን ስም ካላወቃችሁት ፊሽካ አትንፉ።