ወተት ያመላለስኩበት ሁዳዴ

ባለፈው እሑድ ልጄ ከሰንበት ትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሰውዬ በጾም ቅቤ እያነጠሩ ነው! ደረጃው ሁሉ ሸቷል» አለችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሳቄ አመለጠኝና ተቀየመችኝ። የሳቅኩት ግን በእሷ አልነበረም፤ የድሮው እኔ ፊቴ ድቅን ብሎብኝ ነው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ልደታ፣ ከአብነት ገባ ብሎ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ሆነን እንኖር ነበር። የምንቀዳው ከአንድ ቧንቧ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። መዝሙር እዘምራለሁ፤ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እውላለሁ፤ ይህንንም ያልነገርኩት ሰው የለም። የግቢው ሰው «መምህር» እያለ ሲጠራኝ ሙገሳ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ታደለ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት አንድ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወጣ በራቸው ገርበብ ብሎ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ አጠገቡ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል። እኔ ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ የላከኝ መሰለኝ።

«ጋሽ ታደለ! በሁዳዴ? ፈጣሪን አይፈሩም?»

ቧንቧው ጋ የተሰለፉት ሁሉ ዞረው አዩ። ጋሽ ታደለ ቀና ብለው ተመለከቱኝ። ተነሥተው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ቅዳሜ ልደታ ማርያም ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ነገሩን የነገርኳቸው እንደ ኃጢአት አልነበረም፤ እንደ ጀብዱ ነበር። አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ወተቱን ጠጣ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለምን እንደሆነ ከፈለገ እሱ ይነግርሃል።»

እስከ ጆሮዬ ጋልኩ። «ስንት ልስገድ፣ አባ?»

«ስግደትማ ትወዳለህ» አሉኝ። «እስከ ፋሲካ በየጠዋቱ ወተቱን አንተ ታመጣለታለህ። በጆግ፣ ሳትሸፍን።»

«ሰው ቢያየኝስ?»

«ይይህ። የማን እንደሆነ ግን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።»

በዚያው ምሽት ጋሽ ታደለ ቤት ገብቼ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ክንዴን ይዘው አነሡኝና መስኮቱ አጠገብ፣ ከእሳቸው ራቅ አድርገው አስቀመጡኝ። ሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው በየቀኑ መርፌ እንደሚወጉ ነገሩኝ። ሐኪሙ ምግብ ካላገኘህ መድኃኒቱ አይሠራም ብሏቸዋል። «ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ፈትቼ አላውቅም» አሉኝ። «የመጀመሪያዋን ብርጭቆ የጠጣኋት እያለቀስኩ ነው።» ከዚያ በኋላ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች ንግግር አንጀቴን የበላኝ ግን የለም።

ወተቱ የሚገኘው ወደ ተክለ ሃይማኖት መውረጃ ላይ ላሞች ካሏቸው አንዲት ሴትዮ ነበር። የበልግ ዝናብ ያደረበት መንገድ ያዳልጣል። ሻይ ቤቶቹ የጾም ሳምቡሳ ይጠብሳሉ። እኔ ሙቅ ወተት ያለበትን ጆግ በሁለት እጄ ይዤ፣ አላፊ አግዳሚው እያየኝ እመለሳለሁ። አብሮኝ የሚዘምር ጓደኛዬ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆመኝና፣ «ጀለሴ፣ ፈታኸው እንዴ?» አለኝ። ጆጉን አጥብቄ ይዤ አልፌው ሄድኩ። የሚገርመው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐሜቱ እየቀለለኝ መጣ። ጠዋት ጠዋት እንገናኝ ነበርና ከጋሽ ታደለ ጋር ወዳጆች ሆንን። ቁልፍ መትከል አስተማሩኝ፤ እኔም ዳዊት አነብላቸው ነበር። ስሳሳት ያርሙኛል፤ ለካ በቃላቸው ያውቁታል።

የሕማማት ሰኞ ግን ነገሩ ፈነዳ። እትዬ ዘነበች የምትባለው ጎረቤታችን ጀሪካኗን ይዛ ቧንቧው ጋ ጠበቀችኝ።

«እኛን ሲኦል ትገባላችሁ እያልክ ስታስፈራራ ከርመህ፣ አንተ ጋሽ ታደለ ቤት ተደብቀህ ወተት ትጠጣለህ? ያውም በሕማማት?»

ግቢው ሁሉ ይሰማል። አንድ ቃል ብተነፍስ ነጻ እወጣ ነበር። ምላሴን ነክሼ ቆምኩ። ያን ጊዜ ከኋላዬ በር ሲከፈት ሰማሁ። ጋሽ ታደለ ጋቢያቸውን ደርበው ወጥተዋል።

«ወተቱ የእኔ ነው፣ ዘነበች። ሳንባዬን ታምሜያለሁ። ልጁ የእኔን ገመና ልሸፍን ብሎ ነው የታማው።»

ያኔ የዚያ በሽታ ስሙ ብቻ ቤት ያስዘጋ ነበር። ሁሉም የሚሸሻቸው መሰለኝ። እትዬ ዘነበች ጀሪካኗን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ታዲያ ሰው እያለልዎት ብቻዎን ይታመማሉ?» ብላ በቁጣ ጮኸችባቸው፤ እንባዋ ግን እየወረደ ነበር።

በማግሥቱ ወተቱን ይዤ ስደርስ በራቸው ላይ የአጥንት ሾርባ ተቀምጧል። ረቡዕም ሌላ ቤት ሠራ፤ ሐሙስም ሌላ። ራሳቸው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉ ሴቶች ጨውና ቅመሙን ሳይቀምሱ በግምት እየጨመሩ ለእሳቸው ያበስላሉ። ግቢያችን በሕማማት የሾርባ ሽታ ያወደው ያን ዓመት ብቻ ነው። ጋሽ ታደለ አንዱን ሾርባ ጨው በዝቶበት እንባቸው እስኪወርድ እንደሳቁ አስታውሳለሁ። የማን እንደነበር ግን እስከ መጨረሻው አልተናገሩም።

በፋሲካ እኩለ ቀን ሁላችንም ግቢው መሃል ወንበር አውጥተን አብረን በላን። ጋሽ ታደለ እስክስታ ካልመታሁ ብለው ተነሡ፤ ሁለት ትከሻ ነቅንቀው ሳል ያዛቸው፤ ተቀምጠው እንደገና ሳቁ። ክረምቱ ሲያልቅ ዳኑ። ከዓመታት በኋላ ሽማግሌ ሆነው ሚስት የጠየቁልኝም እሳቸው ናቸው።

አሁን እኔም ሸብቻለሁ። ዛሬም እጾማለሁ፤ ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ሰዓቴን አያለሁ። በጽድቅ መኖር ምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ ግን ማንንም ለማስተማር አልደፍርም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ በሕይወቴ በደንብ የጾምኩት ሁዳዴ ቢኖር፣ ሰፈሩ ሁሉ ጾሙን ፈታ ብሎ ያማኝ ያ ነው።