ፀሐይ ያሏቸው ድንጋዮች

ቢጫ ጨርቅ በመቀስ ሲቆረጥ ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። ስለ ጠየቅሽኝ እነግርሻለሁ፤ ለባሌ እህት ግን እንዳታወሪ።

ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ደም ሲመጣብኝ ወደ መርገም ጎጆ ገባሁ። በጎንደር፣ በቤተ እስራኤል መንደራችን፣ ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤት ወጥታ የምትቆይባት ጎጆ ናት። ዙሪያዋን ድንጋይ ከቧታል፤ ከውጭ ያለ ሰው ድንጋዩን አያልፍም፣ ከውስጥ ያለችም አትወጣም። ጎጆዋ እርጥብ ሣር ትሸት ነበር። ብቻዬን ስለ ነበርኩ ትንሽ ኮሽታ ሁሉ ያስደነግጠኝ ነበር። በአንድ በኩል ድንጋዩ ክፍት ነው። እናቴ ምግብ ይዛ እዚያ ትቆማለች። አትነካኝም፤ አስቀምጣልኝ ወደ ኋላ ትላለች።

አንድ ቀን ከምግቡ ጋር ቁርጥራጭ ጨርቅና መርፌ አስቀመጠችልኝ።

"ምን ልስፋ?"

"የምታዪውን።"

"የማየው ድንጋይ ነው።"

"እንግዲያስ ድንጋይ ስፊ።" ፀሐዩ ከኋላዋ ስለ ነበር ፊቷ አልታየኝም፤ ሣቋን ብቻ ሰማሁ።

ከጥቁርና ከግራጫ ጨርቅ ድንጋዮቹን ቆርጬ በነጭ ጨርቅ ላይ ዙሪያውን ሰፋኋቸው። እሷ የምትቆምበትን ክፍት ተውኩት። ከጎጆ ስወጣ እናቴ የሰፋኋቸውን ድንጋዮች በጣቷ ዞረቻቸውና ክፍቱ ላይ ስትደርስ፣ "እዚች ላይ እኔ ነኝ" አለች። ወደ እስራኤል ስንጓዝ ሱዳን ውስጥ ስትሞት ፊቷን በዚያ ጨርቅ ሸፈኑት።

እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ ከገባን በኋላ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ባለው ሞዓዶን፣ በመሰብሰቢያው ክበብ፣ ለሴቶች ስፌት ያስተምሩን ነበር። መምህርቷ ከአገራችሁ የምታስታውሱትን ሥሩ ስትል ያንኑ ሠራሁ። ምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። ዕብራይስጥ ስለማልችል የምታስተረጉምልኝ የባሌ እህት ነበረች። "ሼሜሽ" አለቻት። ፀሐይ ማለት ነው፤ ያቺን ቃል እንኳ አውቃት ነበር።

"ምነው ዋሸሽ?" አልኳት።

"ስለ ደም ጎጆ ላውራላት? ዝም በይ፣ አታዋርጂን።"

መምህርቷ ደስ አላት። ለፀሐይ ጥቁር አይሆንም ብላ ቢጫ ጨርቅ ሰጠችኝ። እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ክፍቱን ግን ተውኩት። የባሌ እህት መርፌዬን ከእጄ ወስዳ ክፍቱ ላይ አንድ ቢጫ ቁራጭ ሰፋችበት። ቆሜ አየሁ። በባሏ ዘመዶች መካከል ያለች፣ እናት የሌላት ሴት ምን ትላለች?

ባለፈው ሳምንት፣ ሮቫ ሄ በሚባለው ሰፈር ባለው የአዛውንቶች ሞዓዶን፣ እዚህ አገር የተወለደች ወጣት መምህርት ንድፍ በወረቀት አደለችን።

"የኢትዮጵያ ፀሐይ ነው፣ እማማ። የጥንት ነው አሉ። ያውቁታል?"

የኔው ነበር፤ ክፍቱ ላይ የተሰፋችው ቁራጭ ሳትቀር።

"አላውቀውም" አልኳት።

የባሌ እህት ከጎኔ ተቀምጣለች። ዓይኗ ስለ ደከመ መርፌዋ ላይ ክር የምሰካላት እኔ ነኝ። ቢጫውን ቆርጬ ዙሪያውን ስሰፋ ክፍቱን የምትዘጋውን ቁራጭ ሆን ብዬ ተውኳት። ከጉልበቴ ተንሸራታ እግሯ ላይ ወደቀች። ጎንበስ ብላ በእጇ ዳብሳ አነሣቻት።

"እንኪ፣ አንዷ ወድቃብሻለች።"

በዳበሳ ያነሣቻትን አልመልስባትም ብዬ ተቀበልኳት። እናቴ በምትቆምበት ቦታ ላይ ሰፋኋት።