ከመሠዊያው የጎተትኩት በግ

ላክራቲዴስ የአጎቴ ልጅ ነበር። ከመንደራችን ከአፊድና ውጭ ማንም አያውቀውም፤ እሱ ግን ወይን በቀመሰ ቁጥር ዘሩን ከራሱ ጀምሮ እስከ ሄርኩለስ ድረስ ይቆጥር ነበር። አሥራ ስድስት አባት! መሃል ላይ ሁለቱን ሲያቀያይርብኝ አርመዋለሁ፤ ይናደዳል።

ኩራቱ ልክ አልነበረውም። ሲያገባ ለጎሳችን ወንዶች የሠርግ ድግስ አልደገሰም። «ለፍየል ጠባቂ ሁሉ ሥጋ ልቆርጥ ነው እንዴ?» አለኝ። ሙሽራይቱን ፋኖስትራቴን ስናመጣ ጋሪው ላይ የነበርነው ሦስት ነን፤ እሱ፣ እሷና ሚዜው እኔ። የዳራት አባቷም ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ለጋብቻው ምስክር የምሆን እኔ ብቻ ቀረሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ልጁን ክቴሶንን ለጎሳችን ሊያስመዘግብ በመጸው በዓል መጣ። ያልተመዘገበ ልጅ ስምም ርስትም የለውም። አባት በግ ያቀርባል፤ ልጁ ከሕጋዊ ሚስቱ እንደተወለደ ይምላል፤ የሚጠራጠር ካለ በጉን ከመሠዊያው ይወስዳል። ሲወሰድ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

በዋዜማው ማዕድ ላይ ላክራቲዴስ ሰው ፊት አዋረደኝ።

«ቴልሲኖስ ስለ ዘር ምን ያውቃል? እናቱ ዓሣ ስትቸረችር ነው ያደገችው!»

ሁሉም ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወር አልሞላትም ነበር።

በማግስቱ ደሜ እንደፈላ ሄጄ የበጉን ገመድ ያዝኩ። ዜውስ ምስክሬ ነው፣ ትንሽ አሳፍሬው ልመልስለት ነበር ያሰብኩት።

«ምነው፣ ያምሃል?» አለ ላክራቲዴስ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ንገራቸው እንጂ! ሚዜዬ አንተ አይደለህ?»

የጎሳችን አለቃ ወደ እኔ ዞረ። «ሠርጉ ላይ ነበርክ?»

ድግሱን ያልበሉት ሁሉ አፍ አፌን ያዩኛል። «አልነበርኩም» አልኩ። በጠጠር ድምፅ ተሰጠ፤ ልጁ ሳይመዘገብ ቀረ።

ላክራቲዴስ ከዚያ ወዲህ ዘሩን ቆጥሮ አያውቅም። በአራተኛው ዓመት ሞተ፤ የቅርብ ዘመዱ እኔ ነኝና ርስቱ ለእኔ ሆነ። ሰው «ለመሬት ብሎ ነው» ይላል። ክቴሶን ሲያድግ ወደብ ወርዶ መርከብ ቀዛፊ ሆነ።

እኔ ልጅ አልወለድኩም። ጸጸቱ ሲያንገበግበኝ ኖሮ፣ ባለፈው መጸው ክቴሶንን ልጄ አድርጌ አስመዝግቤ የአባቱን ቤት ልመልስለት በግ ይዤ አብሬው መጣሁ። ለዚህም ከሕጋዊ ጋብቻ መወለዱን መማል ነበረብኝ። ማልኩ። ጋሪው ላይ እንደነበርኩ እያለቀስኩ ተናገርኩ።

የዛሬው አለቃ ወጣት ነው፤ ሰው ያከብራል። «አባባ፣ ያኔ ነው የዋሹት ወይስ አሁን?»

«ያኔ!»

«ታዲያ እዚሁ መሠዊያ ፊት የዋሸን ሰው መሐላ እንዴት እንቀበል?»

ማንም አልሳቀም።

«በቃ ተወው፣ አጎቴ» አለኝ ክቴሶን። ገመዱን ከእጄ ወስዶ በጉን ራሱ ከመሠዊያው አወጣው።