ሩቅያ የመረጠችው ዳርቻ

ሩቅያ አንድ ነገር ከመወሰኗ በፊት ቢያንስ ስምንት ሰው ትጠይቃለች። መኪና ሲገዙ ጠይቃለች። ልጇ ሸይማ ኮሌጅ ስትገባ ጠይቃለች። የኩሽናው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እንኳ ጠጋኙን ከመጥራቷ በፊት የምታውቀውን ሰው ሁሉ አዳርሳለች። ባሏ ሁሴን ይህን ጠባይዋን ሃያ ስድስት ዓመት ኖሮበታል። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ፣ እራት እየበሉ፣ "ዘንድሮ በሰመር አንድ ቀን በፌሪ ጀልባ ተሻግረን ደሴት ላይ እንዋል፤ ግን መጀመሪያ ጥሩ ቢች መምረጥ አለብኝ" ስትለው፣ ጉዞው ከሐምሌ በፊት እንደማይሆን በልቡ ገመተ።

"ውሃ ዳር ምን አለሽ?" አላት።

"ምንም። ሰው ሁሉ ይሄድ የለ እንዴ?"

ሁሴን የደሴ ልጅ ነው፤ ተራራ እንጂ ውሃ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ የዕቃ ማድረሻ መኪና ሲነዳ ይውላል እንጂ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የመውጣት ፍላጎትም የለውም። ቢሆንም እምቢ አላላትም።

ሩቅያ ኮሎምበስ ውስጥ፣ ፖላሪስ የሚባለው ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ላውንድሪ ክፍል ውስጥ ከሠራች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከማድረቂያው የወጣውን ትኩስ አንሶላ ከባልደረባዋ ከደራርቱ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲያጥፉ ለወሬ ይመቻል። ጥያቄውም የተጀመረው እዚያው ነው።

"ፑት ኢን ቤይ የሚባለው ደሴት ሂጂ፣ እትዬ ሩቅያ" አለቻት ደራርቱ። "እኛ ዓምና ሄደን ሆዳችን እስኪያመን ነው የሳቅነው።"

"ዳርቻው አሸዋ ነው ወይስ ድንጋይ?"

"እኔ እንጃ፣ ዳርቻውንስ አላየሁትም። ሙዚቃ ነበር።"

ይህ መልስ ሩቅያን አላጠገባትም። በምሳ ሰዓት ስልኳ ላይ የኢሪ ሐይቅን ደሴቶች አንድ በአንድ እያወጣች ፎቶ ማየት ጀመረች። ሙዚቃና መጠጥ የሚበዛበትን ተወች። ከጀልባው ወርዶ ብዙ የሚያስኬደውንም ተወች፤ የሁሴን ጉልበት አይችለውም። ከዚያ ፌሪ የሚያስሄደው ድርጅት ቢሮ ደወለች። መኪና ይጫናል ወይ? ይጫናል። ዳርቻው ላይ ጥላ ያለው ዛፍ አለ? አለ። መጸዳጃ ቤቱ ከውሃው ስንት እርምጃ ይሆናል? ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ሳቀች፤ ቆጥራ አታውቅም። ሩቅያ በሦስተኛው ሳምንት ለአራተኛ ጊዜ ስትደውል፣ ሴትዮዋ ገና "ሄሎ" ከማለቷ በድምጿ አወቀቻትና፣ በእረፍቷ ቀን ራሷ ሄዳ እንደቆጠረችው ነገረቻት። ሰባ ሁለት እርምጃ ነው።

የመጨረሻውን ቃል የሰጡት ጎረቤታቸው ጋሼ ጀማነህ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰመር በመጣ ቁጥር ዓሣ ለማጥመድ ወደ ሐይቁ ይመላለሳሉ።

"ኬሊስ አይላንድ፣ በሰሜን በኩል" አሏት። "አሸዋው እንደ ዱቄት ነው። ውሃውም ጨዋ ነው፤ ሕፃን ልጅ ለቀሽ ቡና ብትጠጪ አያሰጋሽም።"

ሩቅያም እዚህ ላይ ቆረጠች። ለሁሴን መቀመጫ አለ፤ ለሸይማ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ዙህር የሚሰገድበት ሣር ከዛፉ ሥር አለ። ለራሷ የፈለገችውን ግን ማንንም አልጠየቀችም። ብትጠይቅ ምክንያቷን መናገር ሊኖርባት ነው።

ምክንያቷም ይህ ነበር። ሩቅያ የተወለደችው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ውሃው ወለል ብሎ በሚታይበት መንደር ነው። ዋና ያስተማራት ሰው የለም። ከጎረቤት ልጅ ከእናናዬ ጋር ልብስ እጠቡ ተብለው ሲላኩ፣ አንድ ቀን እስከ ጉልበት፣ ሌላ ቀን እስከ ወገብ፣ በኋላም እስከ አንገት እያሉ ተማሩ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ከእናናዬ ቀድማ፣ ውሃው ውስጥ እስከወደቀው ዛፍ ድረስ ደርሳ ትመለስ ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቷ አክስቷ እርጥብ ፀጉሯን ዳስሰው፣ "ከእንግዲህ በቃሽ፤ ልጃገረድ ሆነሻል" አሏት። አልተቆጡም። እሷም አላለቀሰችም። ብቻ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጉልበቷ በላይ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ደሴ ሄደች፣ አዲስ አበባ ገባች፣ አገባች፣ ወለደች፣ ዲቪ ደርሷቸው ኮሎምበስ መጣች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዋና እንደምትችል ለባሏም ለልጇም ተናግራ አታውቅም። ልትደብቃቸው ፈልጋ አልነበረም። መጀመሪያ የሚጠይቃት ጠፋ፤ ዘመኑ ሲርቅ ደግሞ መናገሩ ራሱ አሳፈራት። ባለፈው ኅዳር ሃምሳ አራት ሲሞላት ግን፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን መስኮት ውስጥ ውሃው ሲሽከረከር እያየች፣ "አሁን ብገባ ሰውነቴ ያስታውስ ይሆን?" ብላ አሰበች። ሐሳቡም አለቀቃት።

የሄዱት ሐምሌ ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን ነው፤ ማክሰኞ ሰው እንደማይበዛ አጣርታለች። ሁለት ሰዓት ነድተው ፌሪው ዘንድ ደረሱ። ጀልባው ላይ ሁሴን ከመኪናው አልወረደም፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊት እያየ ተቀመጠ። ሸይማ ፎቶ አነሳችው። ሩቅያ ከፊት ብረቱን ተደግፋ ቆማ፣ ነፋሱ ሻርፗን ሲጎትተው በአንድ እጇ ይዛ፣ ደሴቱ እስኪቀርብ ድረስ ዞር አላለችም።

ዳርቻው የተነገራትን ሁሉ ሆኖ አገኘችው። አሸዋው ለስላሳ፣ ዛፉ ባለ ጥላ፣ መጸዳጃ ቤቱም ቅርብ ነበር። ምሳ በሉ፣ ሰገዱ። ከዚያ ሩቅያ ጫማዋን አውልቃ፣ ሰፊውን ቀሚሷን እንደለበሰች ወደ ውሃው ገባች። ሄደች። ውሃው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው። አሁንም ሄደች። ጉልበቷ ላይ ነው። ባልዲ የያዙ ሕፃናትን አለፈች፤ በላስቲክ ጀልባ የሚጎተቱትን አለፈች፤ ያም ሆኖ ውሃው ከጉልበቷ አልዘለለም። የጋሼ ጀማነህ ጨዋ ውሃ ይኸው ነው። ጥቂት ቆማ ተመለሰችና ፎጣው ላይ ተቀመጠች።

"ያምራል አይደል?" አለች። ለሸይማ ሐብሐብ ቆርጣ ሰጠቻት።

ሁሴን አያት። ሩቅያ ስታዝን ሰው መመገብ እንደምታበዛ ያውቃል። ሦስተኛውን ቁራጭ ስታቀብለው አልተቀበላትም።

"ሩቅያ፣ ጥልቅ ውሃ ነው የፈለግሽው?"

"ጥልቅ ውሃ ምን ያደርግልኛል?"

"ከቀሚስሽ ሥር ምን እንደለበስሽ አውቃለሁ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግንቦት ላይ ፓኬጁን ከበር ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሳጥኑ ላይ የመዋኛ ልብስ ሥዕል ነበረበት። እስክትነግሪኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ሩቅያ ቢላዋውን አስቀመጠች። ሁሴንም መልስ አልጠበቀም፤ ጉልበቱን ይዞ ተነሣና የፓርኩን ዩኒፎርም ወደለበሰች ሠራተኛ ሄደ። ሱቅ ገብቶ ዕቃ የት እንዳለ መጠየቅ የሚያፍር ሰው ነው። ሩቅያ ከሩቅ ስታየው እጁን ወገቡ ላይ፣ ከዚያ ደረቱ ላይ፣ ከዚያ አንገቱ ላይ እያደረገ የጥልቀቱን ልክ ያስረዳ ነበር። ሠራተኛዋ በጣቷ ወደ ደቡብ አመለከተችው።

በመኪና አሥር ደቂቃ አይሞላም። ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደ ደረጃ ወደ ውሃው የሚወርድበት ትንሽ ዳርቻ ነበር፤ ጥላ የለው፣ አሸዋ የለው፣ መቀመጫ የለው። መጽሐፍ የሚያነቡ ሁለት አሮጊቶች ብቻ አሉ። ውሃው ረጋ ብሏል፤ ከድንጋዩ ጥቂት ክንድ ራቅ ሲል ግን ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይለወጣል።

ሩቅያ ከመኪናው ጀርባ ቀሚሷን አወለቀች። ከራስ ፀጉሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚሸፍን ጥቁር ሰማያዊ የመዋኛ ልብስ ለብሳለች። ሸይማ ስልኳን ከፊቷ አወረደች።

"ማሚ፣ ዌይት። ዋት አር ዩ ዱዊንግ?"

"ልዋኝ ነው።"

"ዩ ካን ስዊም? ሲንስ ዌን?"

"ከአንቺ መወለድ በፊት።"

ድንጋዩን በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወረደች። ውሃው ወገቧ ላይ ሲደርስ ብርዱ ትንፋሿን ያዘው፤ ደረቷ ላይ ሲደርስ ቆመች። ፈራች። አርባ አንድ ዓመት ብዙ ነው፤ ያኔ ቀጭን ልጅ ነበረች፤ አሁን ትከሻዋን አንሶላ ማንሳት ጎድቶታል። ዞራ ብትወጣ የሚስቅባት እንደሌለ ታውቃለች። "ቢስሚላህ" አለችና እግሯን ከድንጋዩ አነሳች።

መጀመሪያ ሰመጠች። ውሃ አፏ ገባ። ከላይ ሁሴን ስሟን ሲጠራ ሰማች። ከዚያ፣ ማንም ሳያዛት፣ እግሯ መታ፤ እጇ ውሃውን ወደ ኋላ ገፋ፤ ጭንቅላቷ ብቅ አለ። እንደ ፈረንጅ ዋና ያማረ አልነበረም፤ ሁለት የገጠር ልጆች ራሳቸው የፈጠሩት፣ አንገት ቀና፣ ውሃ የሚያንቦጫርቅ ዋና ነው። ነገር ግን ይሄዳል። ዳርቻውን ይዛ እስከ ትልቁ ቋጥኝ ድረስ ሄደች፣ ቋጥኙን ይዛ አረፈች፣ ተመለሰች። አሮጊቶቹ መጽሐፋቸውን አጥፈው ያዩዋታል።

ስትመለስ ሁሴን ሱሪውን ጠቅልሎ፣ እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ በአንድ እጁ ጫማዋን፣ በሌላው ፎጣዋን ይዞ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አንተ ምን ልታደርግ ገባህ? ዋና አትችል።"

"ከሰጠምሽ ብዬ።"

"ብሰጥምስ?"

አሰበ። "እንጃ" አላት። "እዚያ ድረስ አላሰብኩትም።"

ሩቅያ ሳቀች፤ እየሳቀች ዕንባዋ መጣ፤ ከውሃው ጋር ስለተቀላቀለ ግን አልታየባትም። ሸይማ ድንጋዩ ላይ ተንበርክካ እጇን ዘረጋችላትና፣ እናቷን ከውሃው ስባ ስታወጣ በአማርኛ፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አለቻት።

"አሁን እነግርሻለሁ።"

ወደ ኮሎምበስ ሲመለሱ ነገረቻት። የእናናዬን፣ የወደቀውን ዛፍ፣ ለማጠቢያ የተሰጣቸውን ሳሙና ውሃ ውስጥ ጥለው የተቆነጠጡበትን ቀን ሁሉ አወራች። ሸይማ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተስባ፣ አገጯን የእናቷ ትከሻ ላይ አድርጋ ትጠይቃለች፤ ሩቅያም ትመልሳለች። ሁሴን የቀኙን መሥመር ይዞ ቀስ ብሎ ነዳ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ሁሉ አለፉት፤ እሱ ግን ወሬው ሳያልቅ ቤት መድረስ አልፈለገም።