ከፍሪጅ ወደ ኤር ፍራየር የገባችው ሳህን

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ስለ ምግብ አሠራር አብዝቶ የሚያወራው፣ በሕይወቱ እንቁላል እንኳ ቀቅሎ የማያውቅ ሰው ነበር። የአሠሪዬ ወንድም ነው። ፈረንሳይ አገር ብዙ ዓመት ኖሯል። በየዓመቱ የጅቡቲ ሙቀት በረድ ሲል ይመጣና እህቱ ቤት አንድ ወር ይቀመጣል። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ስለ ዓሣ፣ ስለ ሩዝ፣ ስለ ቢላ አያያዝ፣ ስለ ሳሙና ሳይቀር ያስተምረናል። የበላበትን ሳህን ግን ከጠረጴዛው አንስቶ አያውቅም።

እኔ ያኔ ሆዳን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በእህቱ ቤት እያደርኩ በቤት ሠራተኝነት እሠራ ነበር። አሠሪዬ፣ ማዳም የምላት፣ ቢሮ የምትውል የአገሩ ሴት ናት። እናቷ አብረዋት ይኖራሉ፤ ቤተሰቡ «አዬዮ» ነው የሚላቸው፣ በሱማሌኛ አያት ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸው ነበር። ማዳም እኔን የምታናግረኝ ግማሹን በሱማሌኛ ግማሹን በፈረንሳይኛ ነው። ስትቆጣ ብቻ ሱማሌኛውን ትታ ሙሉ በሙሉ ወደ ፈረንሳይኛ ትገባለች። ቁጣ በፈረንሳይኛ ሲሆን ክብር ያለው ይመስላት ነበር መሰለኝ።

ኤር ፍራየሩን ከዱባይ ነው ይዛ የመጣችው። ያለ ዘይት ይጠብሳል የሚባለው፣ ከላይ በማራገቢያ ትኩስ አየር እየነፋ የሚያበስል ማሽን። መጀመሪያ ኩሽና አልገባም። ሳሎን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ እንግዳ በር ሲከፍት ፊት ለፊት የሚያየው ቦታ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት ያህል ከእሱ ጋር የነበረኝ ሥራ አቧራውን መጥረግ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አዬዮ ይሄ ነገር ሥራ አለው ወይስ ዝም ብሎ ሊያየን ነው የመጣው ብለው ጠየቁ። ማዳም አፍራ ነው መሰለኝ በማግስቱ ኩሽና አስገባችው።

ቀጥሎ የመስታወት ሳህን ነገር መጣ። ማዳም ስልኳ ላይ የምታያት አንዲት ሴት አለች፤ ጥፍሯ ረጅም፣ ኩሽናዋ ጠብታ ዘይት ያልነካው፤ ማንኛውንም ነገር በመስታወት ሳህን አድርጋ ኤር ፍራየር ውስጥ ትከታለች። መስታወት በጎኑ ስለሚያሳይ ለፎቶ ያምራል። ማዳም ወዲያው ወጥታ አራት ጎድጓዳ የመስታወት ሳህን ገዝታ መጣች። ሁለቱ ወፈር ያሉ፣ ከሥራቸው ለምድጃ እንደሚሆኑ የተጻፈባቸው ነበሩ። ሁለቱ ደግሞ ቀጭን፣ አፋቸው ላይ የወርቅ ቀለም የተቀባ፣ ምልክት የሌላቸው፣ ፍራፍሬ ማቅረቢያዎች ናቸው።

ይህን የማውቀው ሊቅ ሆኜ አይደለም። ከማዳም በፊት አንዲት የውጭ አገር መምህርት ቤት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ከምድጃ የወጣ የመስታወት ትሪ በቀጥታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ልከት ስል እጄን ያዘችኝ። አልጮኸችም፤ አስቀምጪው አለችና መስታወት የሚሰነጠቀው ስለሞቀ ሳይሆን ባንዴ ስለሞቀ ወይም ባንዴ ስለቀዘቀዘ እንደሆነ አስረዳችኝ። አንዱ ጎኑ ሲለጠጥ ሌላው ሳይደርስበት ይቀራል አለች። ከዚያ ትሪውን ስናጥብ ገልብጣ ሥሩን አሳየችኝ። ጽሑፉን፣ ጠርዙ ላይ ጭረት መኖር አለመኖሩን በጣቴ አስነካችኝ። ከዚያ በኋላ ሳልገለብጥ ምድጃ ውስጥ ያስገባሁት መስታወት የለም።

ስለዚህ ለማዳም ሁለቱን ብቻ እንጠቀም፣ ሁለቱ ለፍራፍሬ ይሁኑ አልኳት። መስታወት መስታወት ነው፣ አንቺ ማጠቡ ሰልችቶሽ ነው አለችኝ። ወንድሟ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ሳቀ። ፈረንሳይ አገር ሁሉም ሰው በመስታወት ነው የሚያበስለው አለ። ማን እንደሚያበስልለት አልነገረንም።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ዓርብ ነው። ማዳም ሦስት የሥራ ባልደረቦቿን ምሳ ጠርታለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የተፈጨ ሥጋ ከድንች ጋር በየተራ ደርድሬ፣ ከላይ ነጭ ሶስ አፍስሼ፣ ከሁለቱ ወርቅ አፍ ሳህኖች በአንዷ አድርጌ ፍሪጅ እንዳስገባ አዘዘችኝ። አስገባሁ። ዓርብ እንግዶቹ መጥተው ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ወንድሟ ኩሽና ገባ። እስከዚያች ቀን ኩሽና የሚገባው በረዶ ፍለጋ ብቻ ነበር። ማሽኑ መጀመሪያ ባዶውን በደንብ መጋል አለበት አለና የሙቀቱን ቁጥር ወደ ሁለት መቶ ከፍ አደረገው።

ሳህኗ ከፍሪጅ መውጣቷ ነው፤ ላብ አውጥታለች። ምግቡን ከማሽኑ ጋር ወደመጣው ብረት ትሪ ላዛውረው አልኩት። ካልሆነም ማሽኑ ይቀዝቅዝ፣ ሳህኗም ብርዷ ይውጣላት፣ ግን እሷ ለእሳት የተሠራች አይደለችም አልኩት። ቅንድቡን ሰቅሎ አየኝና እናንተ አገር በከሰል ስለሆነ የምታበስሉት ኤሌክትሪክ ያስፈራችኋል አለኝ። የመጣሁት ከአዲስ አበባ መሆኑን፣ ከእሱ በፊት ስንት ምድጃ እንደለኮስኩ ልነግረው አላስፈለገኝም። ሳህኗን ራሱ አንስቶ ከተታት። ጎኖቿ የማሽኑን ግድግዳ ነክተው ነበር የገባችው፤ አየር የሚያልፍበት ጣት የምታህል ቦታ እንኳ አልነበረም። መሳቢያውን በጉልበቱ ገፍቶ ዘጋና እጁን በፎጣዬ ጠርጎ ወጣ።

ብዙም አልቆየም። ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ማራገቢያው አንድ ነገር እያንኮሻኮሸ ሲዞር ተሰማኝ። ሶኬቱን ነቀልኩ። እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ ወፍራም ጓንት አድርጌ መሳቢያውን ሳብኩት። ሳህኗ ከሥሯ ለሁለት ተከፍላ አንድ ጎኗ ተሰባብሯል። ሶሱ ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር፤ እንዲያውም ያምር ነበር።

ማዳም ድምፁን ሰምታ ኖሮ እንግዶቹን ትታ መጣች። አየችና ትንሽ አሰበች። ከዚያ በሕይወቴ የማልረሳውን ነገር ተናገረች።

«የተሰበረው ከሥር ነው። ከላይ ከላዩን በማንኪያ አንሺና በሌላ ሳህን አቅርቢ።»

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መስታወት ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ነው የሚሰጥመው፣ ላይኛው ንጹሕ ነው ብሎ ፈረደ። ሰውዬው ለምግቡም ለመስታወቱም ሕግ ያወጣ ነበር።

አይሆንም አልኳት። ለእንግዶቹ ያዘንኩት በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እኔን ንጽሕና ልታስተምረኝ በየቀኑ ብርጭቆ በብርሃን እያየች ነጥብ የምትፈልግ ሴት፣ ዛሬ ስብርባሪ ለሰው አቅርቢ ትለኛለች። ሥጋውንም ድንቹንም ሶሱንም ከነስብርባሪው ካርቶን ውስጥ ገለበጥኩት፤ ላዩ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ደፋሁበት። ማዳም ፊቷ ተለዋወጠ። በፈረንሳይኛ፣ ሳሎን እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ምሳ ሲያልቅ ልብሴን ሰብስቤ እንድወጣ ነገረችኝ።

በዚህ መሀል አዬዮ በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ። ምን እንደሆነ ጠየቁ። ወንድ ልጃቸውም ሴት ልጃቸውም ባንድ ጊዜ መመለስ ጀመሩ፤ እሳቸው ግን ወደ እኔ አዩ። ነጭ የወረቀት ፎጣ አርጥቤ የማሽኑን ጣሪያ፣ ማራገቢያው አጠገብ ያለውን ክፍል በቀስታ ዳሰስኩና ለአዬዮ ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። እንደ ስኳር የሚያበሩ ደቃቅ ስብርባሪዎች ነበሩ፤ አየሩ ወደ ላይ የበተናቸው። እዚያ ከደረሱ ሶሱ ላይ እንዳሉ ማንም ይገባዋል።

አዬዮ ወረቀቱን ወደ ልጃቸው አስጠጉና በረጋ ድምፅ፣ «ወደ ታች ይሰጥማል ብለሃል። እነዚህ በመሰላል ነው የወጡት?» አሉት።

ስልክ የሚደውልለት ሰው እንዳለ ድንገት ትዝ አለውና ወጣ። ማዳም ወረቀቱን አየችና እጇን ወደ አፏ አስጠጋች። እኔ ውኃ ጣድኩና ፓስታ በቱና ሠራሁ። እንግዶቹ ከዳቦ ጋር በሉ፣ ጣፋጭ ነው አሉ። ልብስሽን ሰብስቢ ያለችኝም ነገር ዳግም አልተነሣም። ይቅርታም አልተባለም። እዚያ ቤት ይቅርታ የሚባለው መተላለፊያው ላይ ከሰው ጋር ሲጋጩ ብቻ ነበር።

ከወር በኋላ፣ ወንድምዬው ወደ ፈረንሳዩ ከተመለሰ በኋላ፣ እነዚያው ሦስት ሴቶች እንደገና መጡ። እኔ ሻይ እያቀረብኩ ማዳም ታሪኩን ታወራለች። በታሪኩ ውስጥ እኔ የለሁም። ሳህኗን አደገኛ ናት ያለችው እሷ ናት፤ ምግቡን ያፈሰሰችውም እሷ፤ ስብርባሪውን ያገኘችውም እሷ። ስታወራው አመነችው ማለት ይቻላል። በመጨረሻ ቀዝቃዛ ሳህን በጋለ ማሽን ውስጥ መግባት የለበትም፣ ብላ እንደ ሐኪም ጣቷን አነሣች።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ብዙም የማታወራዋ፣ ታዲያ አንድ የመስታወት ሳህን ለማሽኑ እንደሚሆን በምን ይታወቃል ብላ ጠየቀቻት። ማዳም ሻይዋን ፉት አለች። ጥሩ ዕቃ ከሆነ ያስታውቃል አለች። ዝም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሴትየዋ ቤቷ ሄዳ የምትሞክረው ነገር ነው። ከኩሽና ወፍራሙን ሳህን አመጣሁና ገልብጬ ጽሑፉን አሳየኋት። ጭረት ያለው ከሆነ ጽሑፍ ቢኖረውም ይቅርብሽ፣ ክዳኑ ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ እሱን አታስገቢ አልኳት። ማዳም እኔም ይህንኑ ልል ነበር አለች።

ሲወጡ በር ልከፍት ተከተልኳቸው። ዝምተኛዋ ጫማዋን እንደምታጠልቅ ሆና ወደ ኋላ ቀረች።

«ያን ቀን ያፈሰስሽው አንቺ ነሽ፣ አይደል?» አለችኝ በሱማሌኛ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ቤቷ ሰው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። በወሩ መጨረሻ ማዳምን ተሰናበትኩ። አዬዮ ግንባሬን ሳሙኝ፤ ማዳም ስልኳ ላይ የዚያችን ባለ ረጅም ጥፍር ሴት እያየች ደህና ሁኚ አለችኝ።

አሁን ያለሁበት የዝምተኛዋ ቤት ካርቲየ ሁለት የሚባል ሰፈር ነው። ኩሽናው ጠባብ፣ ኤር ፍራየሩም ያረጀ፣ እጀታው በማጣበቂያ የተያዘ ነው። በመስታወት ብዙ እናበስላለን። ምግቡን ቀዝቃዛ ባልሆነ ሳህን አድርገን፣ ማሽኑን ሳናግል፣ ሁለቱ አብረው እንዲሞቁ እናስገባለን፤ በየጎኑ ጣት የሚያስገባ ቦታ እንተዋለን፤ ሲወጣ ደረቅ ጨርቅ ላይ እናሳርፈዋለን እንጂ ኩሽናው እርጥብ የድንጋይ መደብ ላይ አናስቀምጠውም። ከብረት ይልቅ ትንሽ ይዘገያል፤ እንጠብቀዋለን። ሴትየዋ አዲስ ሳህን ስትገዛ ገልብጣ ሳታየው ቤት አታስገባም። እስካሁን ማሽኑ ውስጥ የተሰበረ የለም። አንድ ክዳን ብቻ ተሰብሯል፤ እሱም ስታጥበው ከእጇ አምልጦ ነው፣ ራሷ ነች የነገረችኝ።