የዶክተሩ አሚን

እኔን ያሳሰረኝ አንድ ጥያቄ ነው። አሰብ ወደብ ጉምሩክ ጸሐፊ ሳለሁ በውይይት ክበባችን ተነስቼ «ይህ ሁሉ እህል በእኛ በኩል እየገባ ገበያው ለምን ባዶ ሆነ?» አልኩ። ከዚያው ከስብሰባው ወሰዱኝ። ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍልኝም።

የገባሁበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የድሮ መጋዘን ነበር። ወበቁ ሲብስ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። እዚያ ካገኘኋቸው እስረኞች ሁሉ ቀልቤን የሳቡት ዶክተሩ ናቸው። የታወቁ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ኋላ ሆስፒታሉን ትተው የአውራጃ አስተዳዳሪ ሆኑ፣ በመጨረሻም የገዛ ጓዶቻቸው «መስመር ስተዋል» ብለው አሳሰሯቸው።

«ዶክተር፣ ሙያዎን አስትቶ ወንበር ላይ ምን አስቀመጠዎት?» አልኳቸው።

«በቢላዋ የማድነው አንድ ሰው ነው። ወንበሩን ብይዝ አውራጃውን በሙሉ የማድን መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ አዳኑት?»

«ስብሰባ ስመራ ከረምኩ» አሉና ሳቁ። መልሱ ግን አላጠገበኝም።

አብሮን የታሰረ አንድ አፋር የወደብ ወዛደር ነበር። ቀኝ መዳፉን ሽቦ ወግቶት መግል ቋጠረ፣ ጣቶቹም አልታጠፍ አሉ። ዶክተሩ ዳሰስ አድርገው «ዛሬ ካልተከፈተ ይህ እጅ ይቆረጣል» አሉ። ልጆቹን የሚያበላው በዚያ እጅ ነበር። ዘበኛውን ለመንነው፣ ለመንነው። በስንት ልመና ምላጭና የፈላ ውሃ አምጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

ዶክተሩ ለመጠጥ ያስቀመጥናትን ውሃ ጠየቁ። ከእስረኞቹ አንዱ፣ ወሎዬ ባለሱቅ፣ እያፈሰሰላቸው እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ፊት ከፍ አድርገው ቆሙ። ሐኪም እንዲህ የሚያደርገው የታጠበው እጅ ምንም ነገር እንዳይነካ ነው፤ ይህን የሰማሁት ግን በኋላ ነው።

ወዛደሩና ባለሱቁ ዱዓ የያዙ መሰላቸው። ቶሎ ብለው እነሱም እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ሺፋውን አምጣለት!» ብሎ ባለሱቁ ፈውስ ለመነለት። እኔ ክርስቲያኑም አንገቴን ደፋሁ። በየስብሰባው «ጸሎት ኋላቀርነት ነው» ሲሉ የኖሩት ዶክተር ዱዓው እስኪያልቅ ንቅንቅ ሳይሉ ቆዩ።

«አሚን» አሉና ምላጩን አነሱ። ወዛደሩ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። መግሉ ወጣ፣ ጣቶቹም ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ዘበኛው «ጓድ አስተዳዳሪ፣ እርስዎም መጸለይ ጀመሩ? ይህንንማ አዛዡ መስማት አለበት!» አላቸው። ጉዳያቸው ገና እየታየ ነበር፤ እንዲህ ያለ ወሬ ለእሳቸው ሌላ ክስ ነው። «የሐኪም እጅ አስተጣጠብ ነው» ቢሉ ያልፍ ነበር።

«አዎ፣ ጸልየናል» አሉት።

ዘበኛው ሲሄድ እጃቸውን ለምን እንደዚያ እንደያዙ ነገሩኝ፤ እኔም አላስቻለኝም። «ምነው ዶክተር፣ እውነቱን አይነግሩትም?»

«እውነቱን ነው የነገርኩት» አሉ፣ እጃቸውን እያዩ። «ቢላዋ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ። ፈርቼ ነበር።»

በማግስቱ ወሰዷቸው፤ የት እንደደረሱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወዛደሩን ከተፈታን በኋላ ወደብ በር ላይ አገኘሁትና በዚያው በቀኝ እጁ ጥብቅ አድርጎ ጨበጠኝ። በዕድሜዬ ብዙ ባለሥልጣን ጠይቄያለሁ፣ ብዙ መልስም ሰምቻለሁ። «ፈርቼ ነበር» ያለኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።