የአንድ ሰዓት ከሩብ በረራ

አባታችን አዲስ አበባ ውስጥ የሞተ ዕለት መጀመሪያ ያደረግሁት ማልቀስ አልነበረም። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ፣ ከኮሎምበስ ዋሽንግተን በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስልኬ ላይ እፈልግ ነበር። ሦስት መቶ ማይል ያህል፣ አንድ ሰዓት ከሩብ። ታናሽ እህቴ ኮሎምበስ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ገና አልሰማችም።

ደውዬ ልንገራት ስል ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት አክስታችን፣ የአባቴ እህት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ተቆጡ። "በስልክ መርዶ ይነገራል እንዴ? ብቻዋን ወድቃ ብትቀርስ? እዚህ ትምጣና ሰው ባለበት እናረዳታለን።"

በመኪና ሄጄ ላምጣት ብልም አልሆነም። "ስድስት ሰዓት ሙሉ ፊትህን ልትደብቃት?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ ሆዴ ውስጥ ያለው ፊቴ ላይ ነው። በረራው ግን አጭር ነው፤ ደግሞም አየር ላይ ሳለች ፌስቡክ አታይም። ውሸቱን እሳቸው ራሳቸው መረጡት፤ እኔ ደውዬ ነገርኳት። "እትዬ በጠና ታመዋል፣ አንቺን አንቺን እያሉ ነው፣ ትኬት ቆርጬልሻለሁ።"

"መጣሁ" አለች።

አውሮፕላኑ ዘገየ። እሷ ስልኳን ይዛ ኤርፖርት ተቀምጣ ስትጠብቅ፣ እኔ ለዘመድ ሁሉ እየደወልኩ "ፖስት እንዳታደርጉ!" እያልኩ እጮሃለሁ። አንዱ የአጎቴ ልጅ የአባቴን ፎቶ ለጥፎ ኖሮ አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት፤ አነሣው። አባቴ ሞቶ እኔ የበረራ ሰዓት ስጠብቅ መዋሌ እስካሁን ያናድደኛል።

ኤርፖርት ተቀበልኳት። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመድረስ ከአርባ ደቂቃ አይበልጥም፤ ለእኔ ግን ከበረራው ረዘመብኝ።

"ሐኪሞቹ ምን አሏቸው?"

"ተሽሏቸዋል" አልኩ መንገዱን እያየሁ።

ትንሽ ቆይታ ስልኳን አወጣች። "አባዬ ሰምቷል? ኮል ላድርገው፤ ስለ እህቱ ይጨነቃል።"

"ተዪ፣ አታስደንግጪው።"

አምናኝ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። መኪናውን ዳር አቁሜ ልነግራት ፈለግሁ፤ ግን መንዳቴን ቀጠልኩ።

ለቀስተኛው መኪናውን ራቅ አድርጎ እንዲያቆም ተነግሮት ስለነበር ከአክስታችን ሕንፃ ፊት ለፊት ስንደርስ ምንም አልጠረጠረችም። ሁሉን አስበን ነበር። ያላሰብነው በሩን ማን እንደሚከፍት ብቻ ነው።

የከፈቱት አክስታችን ነበሩ፣ በእግራቸው ቆመው።

"እትዬ! ተነሡ እንዴ? ተመስገን!" እህቴ ቦርሳዋን ጥላ ተጠመጠመችባቸው። በደስታ ትስቅ ነበር። አክስታችን ማልቀስ ጀመሩ። ከኋላቸው ሳሎኑን የሞላው ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ እሷ ግን ፊቷን ትከሻቸው ላይ ቀብራ ስለነበር አላየችም። ጀርባቸውን እየደባበሰች "አይዞዎት እትዬ፣ አለፈ እኮ፣ ይኸው ድነዋል" ትላቸው ነበር።